ባሩድና እርሾ፦ ከአንኮበር የባሩድ ወፍጮ እስከ ዘመኑ ናኖ ካታሊስት

በ1839 መገባደጃ ላይ ሮሼ ዴሪኩር የተባለ ፈረንሳዊ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ ከግመል ነጋዴዎች ጋር አቋርጦ፣ የሸዋን አቀበት ወጥቶ አንኮበር ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ሰውዬው ግብፅ ቆይቶ የመጣ፣ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ተጓዥ ነበር። ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል አንዱ የባሩድ ወፍጮ ነው።

ንጉሡ ባሩድ ለምን እንደፈለጉ ለመረዳት አያስቸግርም። ሸዋ በዚያን ጊዜ ከጎንደር ተለይታ በራሷ የቆመች፣ በየጊዜው የምትዘምት መንግሥት ነበረች። ጠመንጃው ከባሕር ማዶ በቅፍለት ይመጣል፤ ባሩድ የሌለው ጠመንጃ ግን ከዱላ አይሻልም። ባሩድ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ናይትሬት ያለበት ጨው፣ ድኝና የእንጨት ከሰል። ድኙ ከአንኮበር ግርጌ ካለው ቆላ፣ ከእሳተ ገሞራዎቹ አካባቢ ይመጣል። ከሰል በየመንደሩ አለ። ጥበቡ ያለው ሦስቱን በልክ መጥኖ አልሞ መፍጨትና ማዋሐድ ላይ ነው። ወፍጮው የመጣውም ለዚህ ሥራ ነው።

ሮሼ በ1842 ተመልሶ መጣ። ሰኔ 7 ቀን 1843 በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ ስም ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራረመ። ከእሱ በፊት፣ በኅዳር 1841፣ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን ውል አስፈርሞ ነበር። እሱም ጠመንጃና መድፍ ይዞ ነው የመጣው። ሁለት የአውሮፓ ኃያላን በአንድ ተራራ ላይ ስጦታ ተወዳደሩ። ስጦታዎቹን አሰልፎ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይታየዋል፤ አብዛኞቹ ተተኩሰው፣ ተሰብረው ወይም ዝገው የሚያልቁ ነበሩ።

የሚገርመው የዘመኑ መገጣጠም ነው። ሮሼ አንኮበር ከመግባቱ አራት ዓመት በፊት፣ በ1835፣ ስዊድናዊው ኬሚስት የንስ ያኮብ ቤርዜሊዩስ ለአንድ ረቂቅ ክስተት ስም አውጥቶ ነበር፤ «ካታሊሲስ» አለው። ሁለት ነገሮች እንዲዋሐዱ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በሥራው መጨረሻ ሳያልቅ የሚገኝ ነገር አለ፤ ያ ነገር ካታሊስት ተባለ። ባሩድ አንዴ ይነድዳል፣ አንዴ ይጮኻል፣ ከዚያ ጭስና አመድ ነው። ካታሊስት ግን ሥራውን ሠርቶ እንደገና ለሥራ ይቀርባል። አንኮበር ከአውሮፓ ኬሚስትሪ የደረሳት የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ሳይደርሳት ቀረ።

ይህ ጽሑፍ የሁለተኛውን ታሪክ ይከተላል፤ ምክንያቱም ዛሬ የደብረ ብርሃን ፋብሪካና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የቆሙበት ጥያቄ ከዚያው ከ1839ኙ ጥያቄ ብዙም አልራቀም። ከውጭ የሚመጣው ነገር ሥራውን ሲጨርስ እዚህ ምን ይቀራል?

እርሾ የሚያውቅ ሕዝብ

ካታሊስት የሚለው ቃል ባዕድ ቢሆንም ሐሳቡ ለሸዋ እናቶች ባዕድ አይደለም። ሊጥ ኩፍ ሲል ከላዩ የሚያቀርረው ቢጫ ውሃ አይደፋም፤ በዕቃ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ቡሖ እርሾ ይሆናል። እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ትበደራለች። ጥቂቱ ብዙውን ያቦካል፣ ከብዙውም ጥቂቱ ይመለሳል።

የሳይንስ ሰው እዚህ ላይ አንድ እርማት ያስገባል። እርሾ ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ያሉበት ነው፤ ይራባል፣ ይለወጣል። ካታሊስቱ ራሱ እርሾው ሳይሆን በተሕዋስያኑ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ ያለው የብረት ካታሊስት ደግሞ አይራባም፤ ከጠፋ ጠፋ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የቤቱ ደንብና የፋብሪካው ደንብ ግን አንድ ነው፤ የሚሠራውን አትድፋ፣ መልሰህ ያዝ።

ይህን ደንብ ፋብሪካዎች ለመማር ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። በ1823 ጀርመናዊው ዶበራይነር ሃይድሮጂን ጋዝን በፕላቲነም ላይ ቢለቅቀው ያለ ክብሪት ተቀጣጠለ። በ1897 ፈረንሳዊው ፖል ሳባትዬ በደቃቅ ኒኬል አማካይነት ሃይድሮጂንን ከኤቲሊን ጋር አዋሐደ፤ በ1912 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። የምግብ ዘይትን አርግቶ ቅቤ መሰል የሚያደርገው የፋብሪካ ጥበብ ከዚህ ሥራ የወጣ ነው። ለማዳበሪያ የሚሆነውን አሞኒያ ከአየር ናይትሮጂን ያወጣው የሃበርና የቦሽ ዘዴም በብረት ካታሊስት ላይ የቆመ ነው። የሰሜን ሸዋ ገበሬ በጤፍና በስንዴ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የዚህ ጥበብ ልጅ ነው።

ሆኖም ሁለት ችግሮች ነበሩ። ጠጣር ካታሊስት ከሥራው በኋላ በማጣሪያ ይለያል፤ መልሶ መያዝ ቀላል ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይመርጥ ያገኘውን ሁሉ ይነካል። በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟ ካታሊስት ደግሞ መራጭ ነው፤ ያዘዙትን ብቻ ይሠራል። ከምርቱ ጋር ስለሚቀላቀል ግን መለየቱ ያስቸግራል። ሮዲየምና ፓላዲየምን የመሰሉ ውድ ብረቶች ከምርቱ ጋር ቢጠፉ ኪሳራ ነው፤ መድኃኒት ውስጥ ቢቀሩ ደግሞ ጉዳት ነው።

መራጭነት ምን እንደሆነ በቀላሉ ለማየት፣ አንድን ሞለኪውል ሁለት በር ያለው ቤት አድርጎ ማሰብ ይቻላል። የመድኃኒት ሠሪው የፈለገው የግራው በር ብቻ እንዲከፈት ነው። ሁለቱንም የሚከፍት ካታሊስት ፈጣን ቢሆንም ግማሽ ምርቱን ቆሻሻ ያደርገዋል። በ1992 ሮጀር ሼልደን የተባለ ኬሚስት ይህን ብክነት በቁጥር አስቀመጠው። በትልልቅ የነዳጅና የመሠረታዊ ኬሚካል ፋብሪካዎች ለአንድ ኪሎ ምርት የሚወጣው ቆሻሻ አነስተኛ ነው። በመድኃኒት ሥራ ግን ለአንድ ኪሎ ምርት ከ25 እስከ 100 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆሻሻ ይወጣል። ከዚህ ቆሻሻ ብዙው ማሟሚያ ፈሳሽ ነው።

ወተት፣ ሱፍና እንዶድ

መፍትሔው ከመጣባቸው መንገዶች አንዱ ማንም ከማይጠብቀው ቦታ፣ ዘይትና ውሃ ከማይስማሙበት ቦታ የመጣ ነው።

ዘይትና ውሃ አይዋሐዱም። ይሁን እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ በጣም በደቀቀ ጠብታ ሆኖ ተበትኖ ሊቆይ ይችላል። ይህ ኢመልሽን ይባላል። ወተት ኢመልሽን ነው፤ ስቡ በውሃው ውስጥ በደቃቅ ጠብታ ተበትኗል፣ እያንዳንዱ ጠብታም ቀጭን ሽፋን ለብሷል። የደብረ ብርሃን አካባቢ የወተት አገር ነው። እርጎውን በቅል የምትንጥ ሴት የምታደርገው ያን ሽፋን መስበር ነው፤ ሽፋኑ ሲሰበር ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ይቀራል። በጾም ወራት ደግሞ ተወቅጦ የሚጠለለው ሱፍ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ የሚወርደው የፍሬው ዘይት በውሃው ውስጥ ጠብታ ሆኖ ስለተበተነ ነው።

እንዶድም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የሚባል ውህድ አለው። የሳፖኒን ሞለኪውል አንደኛው ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ዘይት ይወዳል። ስለዚህ የነጠላን እድፍ ከውሃው ጋር አስታርቆ ይዞት ይሄዳል። ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የሸዋ ጋቢና ኩታ የነጣው በዚህ ኬሚስትሪ ነው።

ሳሙናና እንዶድ ኢመልሽንን በሞለኪውል ያቆሙታል። ሌላ መንገድም አለ፤ በጠጣር ቅንጣት ማቆም። ዋልተር ራምስደን በ1903፣ ስፔንሰር ፒከሪንግ ደግሞ በ1907 ይህን ጻፉ። ፒከሪንግ በእንግሊዝ አገር ዎበርን በተባለ ቦታ የፍራፍሬ ምርምር እርሻ ይመራ ነበር። ተባይ ለማጥፋት ዛፍ ላይ የሚረጭ የላምባና የውሃ ድብልቅ ሳይለያይ እንዲቆይ ፈለገ። ደቃቅ የመዳብ ውህድ ቅንጣቶች በላምባው ጠብታ ዙሪያ ተሰልፈው እንደ አጥር እንደሚያቆሙት አየ። ዛሬ በዓለም ሁሉ «የፒከሪንግ ኢመልሽን» የሚባለው ይህ ነው። ከአትክልት ጠባቂ ሥራ የወጣው ይህ እውቀት ለብዙ አሥርት ዓመታት ብዙ ሰው ሳያስታውሰው ቆየ።

በድንበሩ ላይ የሚሠራ ካታሊስት

በመካከሉ ኢንዱስትሪው አንድ ትልቅ እርምጃ ተራመደ። በ1984 በጀርመን ኦበርሃውዘን ከተማ የሩርኬሚ ፋብሪካ ከፈረንሳዩ ሮን ፑሌንክ ጋር ሆኖ አዲስ መስመር ከፈተ። ሮዲየም ካታሊስቱን ውሃ ከሚወድ ሞለኪውል ጋር አሰሩት፤ ስለዚህ ካታሊስቱ ከውሃው አይወጣም። ምርቱ ግን ዘይት ነው። ሥራው ሲያልቅ ድብልቁ ረግቶ ለሁለት ይከፈላል፤ ከላይ ምርቱ ይቀዳል፣ ከታች ካታሊስቱ ያለበት ውሃ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከግራም እስከ ግራም የሚቆጠር ውድ ብረት በዓመት በመቶ ሺህ ቶን ለሚቆጠር ምርት አገለገለ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ቅቤና አሬራ እንደ መለየት ነው።

የዚህ መንገድ ድክመት ዘይትና ውሃ የሚገናኙበት ቦታ ጠባብ መሆኑ ነው። ሥራው የሚካሄደው ድንበሩ ላይ ከሆነ፣ ድንበሩ ሲጠብ ሥራው ይዘገያል። እዚህ ላይ ነው የፒከሪንግ የፍራፍሬ እርሻ ትዝታ የተመለሰው። ድብልቁ በደቃቅ ጠብታ ቢበተን ድንበሩ እጅግ ይሰፋል። ጠብታዎቹን ከብቦ የሚያቆማቸው ቅንጣት ራሱ ካታሊስት ቢሆንስ?

በ2010 በአሜሪካ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሬዛስኮና ባልደረቦቹ ይህንኑ አሳዩ። ካርቦን ናኖ ቱቦን ከሲሊካ ጋር አዳቅለው ፓላዲየም አሰፈሩበት። የካርቦኑ ወገን ዘይት ይወዳል፣ የሲሊካው ወገን ውሃ ይወዳል፤ ስለዚህ ቅንጣቱ የትም ሳይሄድ በሁለቱ ድንበር ላይ ይቀመጣል። ጠብታውን ያቆማል፣ ሥራውንም ይሠራል። በቫኒሊን ሲሞክሩት፣ ውሃ ወዳዱ ቫኒሊን በድንበሩ ላይ ሃይድሮጂን ወስዶ ተለወጠ፤ ተለውጦ ዘይት ወዳድ ሲሆን ደግሞ ወደ ዘይቱ ወገን ተሻገረ። ይህ መሻገር ለመራጭነት በር ይከፍታል። የተሠራው ነገር ከሥራው ቦታ ስለሚርቅ ከሚገባው በላይ ተሠርቶ አይበላሽም። በመጨረሻም ጠጣሩ ቅንጣት ተጣርቶ ይወጣል።

ናኖ ማለት እዚህ ላይ ምን ማለት ነው? አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ቅንጣት ሲደቅ ለአንድ ግራም ብረት የሚኖረው ገጽ ይሰፋል፤ ካታሊስት የሚሠራውም በገጹ ነው። ሐሳቡ ለደብተራ እንግዳ አይሆንም። በሰሜን ሸዋ አድባራት ያሉትን ብራናዎች ያጠቆረው ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ነው፤ ጥላሸት እጅግ የደቀቀ ከሰል ነው። ቅንጣቶቹ በሙጫ ውሃ ተበትነው እንዳይረጉ ይደረጋል፤ ቀለሙም ዘመናትን ይሻገራል። ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን በቆረቆሩበት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊው ስሙን ባያውቀውም ብዕሩን የሚነክረው ከናኖ ቅንጣት ድፍርስ ውስጥ ነበር።

በ2013 በቻይና የሻንሺ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር ጨመሩ። በሲሊካ ላይ የሰፈረውን ፓላዲየም ገጹን በአሲድነት እንዲለወጥ አድርገው ሠሩት። ትንሽ አሲድ ሲጨመር ኢመልሽኑ ይገለበጣል፣ ካታሊስቱ ወደ ውሃው ይገባል፣ ምርቱ ከላይ ይቀዳል። ቀጥሎ ሲገለበጥ ካታሊስቱ ለአዲስ ዙር ዝግጁ ነው። ሌሎች ደግሞ የቅንጣቱን አስኳል ከማግኔታዊ የብረት ኦክሳይድ ሠርተው በማግኔት ከጠርሙሱ ዳር ይሰበስቡታል። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እርሾው እንዳይደፋ።

ያላለቀው ሒሳብ

ይህን ታሪክ ያለ እንከን ማቅረብ አንባቢን ማታለል ይሆናል። «መልሶ የሚያገለግል» የሚል ስም የተሰጠው ሁሉ አይመለስም። ናኖ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ይተልቃሉ፤ ሲተልቁ ገጻቸው ይቀንሳል፣ ሥራቸው ይዳከማል። ብረቱ ቀስ በቀስ ወደ ፈሳሹ ይሟሟል። ድኝ ያለባቸው ውህዶች የካታሊስቱን ገጽ ይመርዛሉ። የባሩዱ ድኝ እዚህ ላይ ለካታሊስት ጠላት ሆኖ መገኘቱ የታሪክ ቀልድ ነው። አንዳንድ ጽሑፍ አራት ወይም አምስት ዙር ቆጥሮ «ተሳካ» ይላል፤ ፋብሪካ ግን በመቶዎች ዙር ይጠይቃል። በጠንካራ ኢመልሽን ውስጥ ምርትና ቅንጣትን መለየትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሚያመልጥ ናኖ ቅንጣት ወንዝ ቢገባ ጉዳቱ ገና እየተጠና ያለ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ኬሚስት ካታሊስቱ በመጀመሪያው ቀን በሚያሳየው ፍጥነት አይደነቅም። በሃያኛው ዙር ስንቱን ግራም መልሶ እንዳገኘ ይጠይቃል። በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ብረት መኖር አለመኖሩን ይለካል። ሒሳቡ የሚዘጋው በተመለሰው ነው።

ይኸው መለኪያ በአገር ታሪክ ላይ ቢዘረጋስ?

ሣህለ ሥላሴ በ1847 ዐረፉ። በ1855 ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ በ1844 አንጎለላ የተወለደው ምኒልክ በአሥራ አንድ ዓመቱ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ቴዎድሮስ ራሳቸው በጋፋት የውጭ አገር እጅ ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ አስወጡ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ሠራተኞቹ ሄዱ። መድፉ ቀረ፤ መድፍ የማውጣቱ ጥበብ ግን ትምህርት ቤት ሆኖ አልቀጠለም። ምኒልክ ሸዋን ከያዙ በኋላ በ1879 ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር መጣ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ ድልድይ፣ የውሃ ቧንቧ፣ የባቡር መንገድ። ይሁንና በ1880ዎቹ መናገሻው ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሲሻገር አንኮበር ራሷ ከኋላ ቀረች።

የንጉሦቹ ፍላጎት አልጎደለም፤ የሰዎቹም አእምሮ አልጎደለም። የጎደለው የሚመለሰው ነገር ነው። ማሽን መጣ፣ ሠራተኛ መጣ፣ ሥራ ተሠራ፤ ከሥራው የተረፈው እውቀት ለቀጣዩ ሊጥ እርሾ እንዲሆን የሚያስቀምጥ ዕቃ አልነበረም።

ሁለት ኢትዮጵያዊ ምሳሌዎች

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። ከዚያች ዕይታ ተነሥቶ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጠ። አዲስ አበባ ላይ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረተ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ይሁን እንጂ የአፍሪካ ላቦራቶሪ ያወጣው ውጤት በውጭ ተቋማት ዘንድ እንዲታመን ረጅም ዓመታት ፈጀ። አክሊሉ ያስተማረው ነገር ከእንዶድ ይሰፋል። ተቋሙ ዛሬም በስሙ ቆሟል፤ ሰውየው በ1997 ቢያርፍም እርሾው አልተደፋም።

ሁለተኛው ታሪክ ከሰሜን ሸዋ ይነሣል። ሸንኮራ ላይ በ1931 የተወለዱት ጌታቸው ኃይሌ የግእዝ ሊቅ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ያ የጥላሸት ቀለም የጻፈውን ሲያነቡ ኖሩ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው ተኮሱባቸው፤ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ቤተሰቡ ተሰደደ። ሚኒሶታ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ሲዘረዝሩ ቆይተው በ2021 ዐረፉ። ልጃቸው ሶስና ኃይሌ በ1966 አዲስ አበባ የተወለዱ ሲሆን፣ በአሜሪካ በካልቴክ፣ በኋላም በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቁስ ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆኑ።

በ2010፣ የኦክላሆማው ጽሑፍ በወጣበት ዓመት፣ ፕሮፌሰር ሶስናና ባልደረቦቻቸው ከስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው አንድ ሥራ አወጡ። ሴሪየም ኦክሳይድን በፀሐይ ሙቀት እጅግ ሲያግሉት ኦክሲጅን ይለቃል፤ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ከውሃ ትነት ወይም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክሲጅን መልሶ ይወስድና ሃይድሮጂን ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተዋል፤ ይኸውም ነዳጅ ነው። መስኩ ከዘይትና ውሃ ድንበር የተለየ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ቁሱ ስንት ዙር ይመለሳል? መልሱ 500 ዙር ነበር።

የአባትየው ቤት ላይ የተተኮሰው ጥይት ባሩድ ነበረው። ልጅየዋ የሠሩት 500 ጊዜ የሚመለስ ቁስ ነው፤ የሠሩትም ባሕር ማዶ ነው። የዚህች አገር ኪሳራ በዚህ አንድ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ ይነበባል።

ደብረ ብርሃን ምን ትይዛለች?

ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከድሮው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ የቢራ፣ የምግብ፣ የግንባታ ዕቃና የጨርቃ ጨርቅ ሥራዎች አሉባት፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም ተገንብቶባታል። በ2007 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ጦርነት በሯ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በ2021 መገባደጃ ውጊያው ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሷል። ከተማዋ ቤታቸውን ጥለው የመጡ በርካታ ተፈናቃዮችን አስጠልላለች። ባሩድ ከአንኮበር ዘመን ወዲህ ከዚህ ደጋ ርቆ አያውቅም።

በኢትዮጵያ መድኃኒት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ በዶላር ያስገባሉ፤ እዚህ የሚሠራው በአብዛኛው መቀላቀል፣ መጭመቅና ማሸግ ነው። ዋናውን ንጥረ ነገር መሥራት ማለት መራጭ የኦርጋኒክ ውህደት ማለት ነው፤ ከላይ የተነገረው ሁሉ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲነም ወጥቶበታል። የካታሊስቶች ሁሉ አለቃ የሆነው ብረት ከዚህች አገር አፈር እየተቆፈረ ጥሬውን ወደ ውጭ ሄደ፤ ተመልሶ ቢመጣም የሚመጣው በሌላ ሰው ዕቃ ውስጥ ተሠርቶ ነው።

ታዲያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነገ ተነሥቶ የመድኃኒት ፋብሪካ ይሁን ማለት አይደለም። ይህ ዘርፍ ግን ለድሃ አገር የሚስማማ አንድ ጠባይ አለው። ሥራው ብዙ ጊዜ በመጠነኛ ሙቀት፣ በውሃና በዘይት ውስጥ ይካሄዳል፤ ውድና አደገኛ ማሟሚያ ይቀንሳል፤ ውዱ ብረት በሚሊ ግራም ተቆጥሮ ይመለሳል። ውጭ ምንዛሪ ለሌለው ሰው መልሶ መጠቀም ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው። ፈተናው ያለው መለኪያው ላይ ነው። የሟሟውን ብረት በሚሊዮን ክፍልፋይ የሚለካ መሣሪያ፣ መሣሪያውን የሚጠግን ባለሙያ፣ ያልተቋረጠ መብራትና የትናንቱን ሙከራ በታማኝነት የሚመዘግብ ደብተር ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል፣ «20 ዙር ሠራ» የሚለው ቃል ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ነው በየስምምነቱ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ የሚሆነው። አዲስ ማሽን ሲተከል፣ አዲስ የምርምር ገንዘብ ሲገኝ፣ አዲስ የውጭ ባለሙያ ሲመጣ፤ ሥራው ሲያልቅ እዚህ የሚቀረው ማን ነው? ማሽኑን የሚፈታና የሚገጥም ሰው ቀርቷል ወይስ ያልቻሉት ማሽን ብቻ? የተማረው ወጣት በአገሩ ሁለተኛውን ዙር ይጀምራል ወይስ በባሕር ማዶ ላቦራቶሪ ለሌላ ሰው 500 ዙር ይቆጥራል?

ሣህለ ሥላሴ የባሩዱን ወፍጮ ሲቀበሉ ብልህ ንጉሥ ነበሩ፤ በዘመናቸው የሚያስፈልጋቸውን ወሰዱ። ከእሳቸው በኋላ በመጡት ዘመናት ግን ጥያቄው ተለውጧል። የሚነድደውን ማስገባት ማንም ይችላል፤ የሚከፈለው ዶላር ብቻ ነው። የሚመለሰውን ማስቀረት ግን ዕቃ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤት፣ ላቦራቶሪ፣ ሰላምና ትዕግሥት።

ሊጡን አቡክታ እርሾውን የምትደፋ ሴት በአንኮበርም በደብረ ብርሃንም አትገኝም። የቤቱ ደንብ የአገር ደንብ እስኪሆን ድረስ ግን ሒሳቡ ገና አልተዘጋም።